አዲስ ኮንሶል ላይ የብቻና የጋራ ጌሞችን አመጣጥኖ ለመጫወት፦ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

ኮንሶል (እንደ ፕሌይስቴሽን፣ ኤክስቦክስና ኔንቲዶ ስዊች ያለ የጌም ማጫወቻ) ከገዙ ሁለት ወር ያልሞላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ታሪክ ያላቸውን ትልልቅ ጌሞች ለመጨረስ ብዬ ነበር የገዛሁት። ግን ማታ ማታ ጓደኞቼ ይጠሩኛል፣ እገባለሁ፣ ምሽቱ ያልቃል። ከገዛኋቸው ጌሞች አንዱንም መግቢያውን አላለፍሁም። ምን ላድርግ?» ተቃራኒውን የሚጠይቁም አሉ፤ ታሪክ ውስጥ ሰጥመው ከጓደኞቻቸው ጋር የነበራቸው የጨዋታ ምሽት የቀረባቸው። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ቆይቻለሁና አሁን ሁሉንም በቅደም ተከተል አስቀምጬዋለሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ልብ በሉ። ለብቻ የምትጫወቱት ጌም ይጠብቃችኋል፤ ዛሬ ብትተዉት ነገ እዚያው ቆሞ ታገኙታላችሁ። ከሌሎች ጋር የምትጫወቱት ግን አይጠብቅም። ጓደኞች ሰዓት አላቸው፣ ውድድሩ የሚያበቃበት ቀን አለው፣ ሽልማቱም ጊዜው ያልፍበታል። ሁለቱ ያለ ደንብ ሲቀመጡ ሁልጊዜ የሚሸነፈው የሚጠብቀው ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉት አብዛኞቹ ደረጃዎች ለእሱ ቦታ የሚከልሉ ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኮንሶሉና ሁለት ጆይስቲክ። ሁለተኛው ለእንግዳ ብቻ አይደለም፤ ጥቅሙን ደረጃ 2 ላይ ታዩታላችሁ።
- ማይክሮፎን ያለው የጆሮ ማዳመጫ።
- ከራውተሩ እስከ ኮንሶሉ የሚደርስ የኔትወርክ ኬብል።
- ትንሽ ማስታወሻ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ አይሁን፤ ማስታወሻ ልትጽፉ የከፈታችሁት ስልክ መልእክት አሳይቷችሁ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል።
- የሚጮህ ሰዓት።
- ቦታ ሲሞላ ውጫዊ ማከማቻ። መጀመሪያ ቀን አትግዙ፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ያስረዳል።

ደረጃ 1፦ ያላችሁን ሰዓት ቁጠሩ

አንድ ሙሉ ሳምንት ያለ ምንም ለውጥ ኑሩና በየቀኑ ለጨዋታ በእርግጥ የተረፋችሁን ጊዜ ጻፉ። የምትመኙትን ሳይሆን የሆነውን። ከዚያ ጊዜውን በሁለት ክፈሉት፦ አንድ ሰዓት ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ሳይቋረጥ የሚቆይ «ረጅም ጊዜ»፣ እና ከዚያ ያነሰ «አጭር ጊዜ»።

ይህ ክፍፍል የሚጠቅመው ሁለቱ የጌም ዓይነቶች የሚመገቡት ጊዜ ስለሚለያይ ነው። ታሪክ ያለው ጌም የመጀመሪያዎቹን አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃዎች የት እንደነበራችሁ በማስታወስ ይጨርሳል። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ብትከፍቱት ገና ስትሞቁ ትዘጉታላችሁ። የግጥሚያ ጌም ግን ልኩ ይታወቃል፤ በሮኬት ሊግ የአንዱ ግጥሚያ ሰዓት አምስት ደቂቃ ነው፣ በፎርትናይት እስከ መጨረሻው ከቆያችሁ አንድ ዙር ከሃያ ደቂቃ ትንሽ ቢያልፍ ነው። ብዙ ሰው ግን ይህን ገልብጦ ይሠራበታል፤ ረጅሙን የእረፍት ቀን ለግጥሚያ ይሰጥና ታሪኩን ከሥራ በኋላ በተረፈችው ግማሽ ሰዓት ሊገፋው ይሞክራል። ታሪኩ አሰልቺ ይመስለዋል፤ ያሰለቸው ግን የሰጠው ጊዜ ነው።

ደረጃ 2፦ ጌሞቻችሁን በአራት መድቡ

«የብቻ» እና «የጋራ» ብሎ በሁለት መክፈል አይበቃም። እኔ የምጠቀምበት ምድብ አራት ነው።

ሀ. ንጹሕ የብቻ ጌም፦ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ።

ለ. ቅልቅል፦ ብቻችሁን የምትጨርሱት፣ ግን ሌሎች ሰዎች ሊገቡበት የሚችል። በ2022 የወጣው ኤልደን ሪንግ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ሙሉውን ብቻችሁን መጨረስ ትችላላችሁ፣ ጠላቱ ሲከብዳችሁ ግን በኢንተርኔት ረዳት መጥራት ይቻላል።

ሐ. መጨረሻ ያለው የጋራ ጌም፦ ከአንድ ሰው ጋር ጀምራችሁ የምትጨርሱት ታሪክ። በ2021 የወጣው ኢት ቴክስ ቱ ጨርሶ ለብቻ አይጫወቱትም፤ በአንድ ስክሪን ላይ በሁለት ጆይስቲክ፣ ወይም በርቀት ከጓደኛ ጋር ነው። በርቀት ከሆነም ጌሙን አንዳችሁ ብቻ ብትገዙ ሌላው በነፃ የጓደኛ መግቢያ አብሮ ይጫወታል።

መ. ማለቂያ የሌለው የኢንተርኔት ጌም፦ ፎርትናይትን፣ ሮኬት ሊግንና የመሳሰሉትን የምታስገቡበት።

ጌሞቻችሁን በዚህ መልክ በደብተሩ ላይ አስፍሩ። ምድቡን ለማወቅ በኮንሶሉ መደብር የጌሙን ገጽ ክፈቱና የተጫዋቾች ብዛትን፣ ኢንተርኔት ግዴታ መሆን አለመሆኑን፣ የሚከፈልበት አባልነት መጠየቅ አለመጠየቁን አንብቡ። ሦስቱም እዚያው ተጽፈዋል።

በእኔ እምነት ሚዛን ለጠፋበት ሰው ምርጡ መድኃኒት ምድብ ሐ ነው። የጓደኛን ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ታሪክም ትጨርሳላችሁ፤ አንዱ ምሽት ሁለቱንም ረሃብ ያስታግሳል። አብዛኞቹ አዲስ ገዢዎች ግን ይህን ምድብ ዘለው ያልፋሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ብቻዬን ነው የምጫወተው» ማለት «ያለ ኢንተርኔት ይሠራል» ማለት አይደለም። ዘ ክሩ የተባለው የመኪና ጌም ብቻውን ለሚነዳ ሰውም ቢሆን ከሰርቨር (ከጌም ሠሪው ኮምፒውተር) ጋር መገናኘት ግዴታው ነበር፤ ሰርቨሮቹ መጋቢት 31 ቀን 2024 በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሲዘጉ የገዙት ሰዎች ሁሉ መጫወት አልቻሉም። ኮንኮርድ የተባለው የተኩስ ጌም ደግሞ በ2024 ከወጣ ሁለት ሳምንት ብቻ ቆይቶ ተዘጋ፤ ገንዘቡ ለገዢዎች ቢመለስም ጌሙ ጠፋ። ኢንተርኔት ግዴታው የሆነ ጌም ላይ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ጥቂት ሳምንት መታገሥ አይጎዳም።

ደረጃ 3፦ አንድ ታሪክ፣ አንድ ሜዳ፣ አንድ መጠባበቂያ

ከዝርዝሩ ሦስት ጌም ብቻ ምረጡ። አንድ ታሪክ ከምድብ ሀ ወይም ለ። አንድ ሜዳ ከምድብ መ። አንድ መጠባበቂያ፣ ማለትም ሃያ ደቂቃ ስታገኙ የምትከፍቱት ቀላል ነገር ወይም የምድብ ሐ ጌም። ሌሎቹ ሁሉ ይጠብቁ።

ጥብቁ ደንብ በሜዳው ላይ ነው፤ ሁለት ማለቂያ የሌላቸው ጌሞችን ባንድ ጊዜ አትያዙ። እያንዳንዳቸው የዕለት ተግባር፣ የሳምንት ተግባርና ቀን የተቆረጠለት የሽልማት መስመር («ባትል ፓስ»፣ እየተጫወታችሁ ደረጃ በደረጃ የምትከፍቱት ሽልማት) አላቸው። ሁለቱን ከያዛችሁ ሳምንታችሁ በተግባር ዝርዝር ይሞላል፤ ታሪኩ አንድም ቀን ተራ አይደርሰውም። ሁለት ታሪክ መያዝም አይመከርም፤ ቁልፎቹ ይምታቱባችኋል፣ የሰዎቹ ስምም ይደባለቅባችኋል።

ጓደኞቻችሁ የተለያዩ ጌሞች የሚጫወቱ ከሆነ አብዛኞቹ ያሉበትን ምረጡና ለቀሩት ንገሯቸው። ከመምረጣችሁ በፊት ጌሙ በተለያዩ ኮንሶሎች ያሉ ሰዎችን አንድ ላይ ማጫወት መቻሉን አረጋግጡ። ፎርትናይትና ሮኬት ሊግ ይህን ይፈቅዳሉ፤ ሁሉም ግን አይፈቅዱም።

ደረጃ 4፦ የማከማቻ ቦታውን ከልሉ

ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ቁጥር ሙሉ በሙሉ የእናንተ አይደለም፤ የኮንሶሉ ሥርዓት ከላዩ ይወስዳል። የመጀመሪያው ፕሌይስቴሽን 5 ማከማቻ 825 ጊጋባይት ሲሆን ለጌም የሚተርፈው ወደ 667 ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ባለ 512ቱ ወደ 364 ጊጋባይት ይተርፈዋል። ኔንቲዶ ስዊች 2 ደግሞ ከነሥርዓቱ 256 ጊጋባይት ነው። አንድ ትልቅ ጌም ከ100 ጊጋባይት በላይ ሊወስድ ስለሚችል ቦታው ቶሎ ይሞላል፤ ሲሞላ ደግሞ ሰው ሁልጊዜ የሚሰርዘው ታሪኩን ነው፤ ጓደኞች የሚጠብቁበትን አይሰርዝም። በዚህ ምክንያት ብቻ በግማሽ የቀሩ ታሪኮች ስንት እንደሆኑ!

የሚከተለውን አድርጉ፦

- በሂደት ላይ ያለው ታሪክ እስኪያልቅ አይሰረዝም ብላችሁ ወስኑ።
- ዘመቻውን (የታሪኩን ክፍል) እና የኢንተርኔት ክፍሉን ለያይተው መጫን የሚፈቅዱ ጌሞች አሉ፤ ኮል ኦፍ ዱቲ አንዱ ነው። የማትነኩትን ክፍል አንሱት።
- የጨረሳችሁትን ሰርዙ። «ሴቭ» የምንለው የጉዟችሁ መዝገብ ከጌሙ ተለይቶ ስለሚቀመጥ በፕሌይስቴሽን 5ም ሆነ በስዊች ጌሙን ስትሰርዙ አብሮ አይጠፋም።
- የዚህ መዝገብ ቅጂ በደመና (በኩባንያው የኢንተርኔት ማከማቻ) ላይ ይኑራችሁ። ኤክስቦክስ ይህን በነፃ፣ በራሱ ያደርጋል። ፕሌይስቴሽንና ኔንቲዶ ግን የአባልነት ክፍያ ይጠይቃሉ።

ማከማቻ መጨመር ካስፈለጋችሁ ተሳስታችሁ እንዳትገዙ። በፕሌይስቴሽን 5 እና በኤክስቦክስ ሲሪስ በዩኤስቢ የሚሰካ ውጫዊ ማከማቻ የአዲሱን ትውልድ ጌም ያስቀምጣል እንጂ ከዚያ ላይ አያጫውትም፤ ከእሱ ላይ የሚጫወቱት የቀድሞው ትውልድ ጌሞች ናቸው። ቢሆንም ርካሹ መፍትሔ እሱ ነው፤ ተራው ያልደረሰውን ጌም እዚያ አኑራችሁ ሲደርስ ወደ ውስጥ መመለስ እንደገና ከማውረድ በጣም ይፈጥናል። በስዊች 2 ደግሞ ለጌም የሚሠራው «ማይክሮ ኤስዲ ኤክስፕረስ» የሚለው ካርድ ብቻ ነው፤ የድሮው ስዊች ካርድ ለዚህ አያገለግልም።

ደረጃ 5፦ አባልነትን በወር ጀምሩ

በሦስቱም ኮንሶሎች ተገዝተው የሚጫወቱ ጌሞችን በኢንተርኔት ከሌሎች ጋር ለመጫወት በአብዛኛው የአባልነት ክፍያ ያስፈልጋል። እንደ ፎርትናይትና ሮኬት ሊግ ያሉ ነፃ ጌሞች ግን ያለ አባልነት ይሠራሉ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ወር በነፃ ሜዳ ጀምሩ። ካስፈለገ የአንድ ወር አባልነት ጨምሩ፤ የዓመቱን የምትገዙት ሦስት ወር ከተጠቀማችሁበት በኋላ ነው።

ምክንያቱ ከገንዘብም ያልፋል። የዓመት ክፍያ የከፈለ ሰው «ከከፈልሁ አይቀር» እያለ ባላሰኘው ቀን ሁሉ ወደ ሜዳው ይገባል። ከአባልነቱ ጋር የሚመጣው ረጅም የጌም ዝርዝርም አዲስ አዲሱን ያስጀምራል፤ ማስጨረስ ግን አያስጨርስም። ከዝርዝሩ የሚወጡ ጌሞች እንዳሉ፣ በአባልነት ያገኛችኋቸውም አባልነቱ ሲቋረጥ እንደሚዘጉ አትርሱ። በአባልነት ያገኛችሁትን ታሪክ ዋና ታሪካችሁ ካደረጋችሁት አባልነቱ ሳያልቅ ለመጨረስ አስቡ።

ደረጃ 6፦ ኮንሶሉን አስተካክሉ

ይህ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ውጤቱ ግን ሁልጊዜ አብሯችሁ ይኖራል።

1. በታሪክ ሰዓት ማሳወቂያዎችን አጥፉ፣ ራሳችሁንም ከመስመር ውጭ የሆናችሁ አድርጋችሁ አሳዩ። ስክሪኑ ጥግ ላይ የጓደኛ ስም ብቅ ካለ ልብ ይከፈላል።
2. ማሻሻያዎች ኮንሶሉ ተኝቶ ሳለ በራሳቸው እንዲወርዱ ፍቀዱ። አጭሩን ጊዜ የሚበላው ይህ ነው፤ አርባ ደቂቃ ይዛችሁ ተቀምጣችሁ ሠላሳውን የማውረጃውን መስመር ስታዩ ታሳልፋላችሁ።
3. ለሜዳው ኮንሶሉን በኬብል አገናኙት። ዋይፋይ ፈጣን ቢሆንም ይንቀጠቀጣል፣ ማለትም ግንኙነቱ አንዴ ይፈጥናል አንዴ ይዘገያል፤ በግጥሚያ ላይ የሚጎዳው ደግሞ መንቀጥቀጡ ነው። ስትጋጠሙ የሚወርድ ነገር ካለም አቁሙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሌይስቴሽን 5 ባለበት አቁሞ የሚይዘው አንድ ጌም ብቻ ነው። ታሪክ መሐል ሳላችሁ የጓደኛን ግብዣ ተቀብላችሁ ሌላ ጌም ብትከፍቱ የመጀመሪያው ይዘጋል፤ ያላስቀመጣችሁት ጉዞም ይጠፋል። ስዊችም እንዲሁ ነው። ኤክስቦክስ ሲሪስ «ኩዊክ ሪዙም» በተባለው ዘዴ ብዙ ጌሞችን ባሉበት ይይዛል፤ እሱም ቢሆን ማሻሻያ ሲመጣ ሊለቃቸው ይችላል። የትኛውም ኮንሶል ቢኖራችሁ ከታሪኩ ከመውጣታችሁ በፊት በእጃችሁ አስቀምጡ። የኢንተርኔት ግጥሚያን ደግሞ ምንም ዘዴ አይዘውም፤ ኮንሶሉ ሲተኛ ግንኙነቱ ይቋረጣል።

ደረጃ 7፦ ሳምንቱን ደልድሉ፣ ታሪኩን አስቀድማችሁ

በደረጃ 1 የጻፋችሁትን አውጡ። መጀመሪያ ሁለት ረጅም ጊዜዎችን ለታሪኩ ያዙ። ቀጥሎ አንድ ምሽት ለጓደኞች። የቀሩት አጫጭሮች ለሜዳው ልምምድና ለመጠባበቂያው ይሁኑ። በሳምንት ዘጠኝ ሰዓት ላለው ሰው እንዲህ ይመጣል፦ ታሪክ ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት፤ የጓደኞች ምሽት ሦስት ሰዓት፤ አጭር ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ አርባ አርባ ደቂቃ። አራት ሰዓት ብቻ ላለው ደግሞ አንድ የታሪክ ቀን ሁለት ሰዓት፣ አንድ የጓደኞች ምሽት ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መንካት ይቅርበት።

እኩል ለእኩል መከፈል ግዴታ አይደለም። ዓላማው ሁለቱም በየሳምንቱ የተያዘላቸው ቀን እንዲኖር ነው።

ለጓደኞቻችሁ ቀኑን ብቻ ሳይሆን የሚያበቃበትንም ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሯቸው። «ሐሙስ ማታ አለሁ፣ አራት ሰዓት ላይ እወጣለሁ» ብሎ አስቀድሞ የነገረ ሰው ሲወጣ ማንም አይቀየምም። ሳይናገር በድንገት የሚወጣው ነው ቡድኑን የሚያጎድለው።

ባንድ ምሽት ሁለቱንም መጫወት ካለባችሁ ታሪኩ ይቅደም። ከግጥሚያ የወጣ ሰው ልቡ እየመታ፣ ጣቱ እየተቻኮለ ስለሚመጣ ጸጥ ያለ ንግግር መስማት ያቅተዋል፤ ንግግሩን እየዘለለ ያልፈዋል። ከታሪክ ወደ ግጥሚያ መሄድ ግን ቀላል ነው።

ደረጃ 8፦ ከመዝጋታችሁ በፊት ሦስት መስመር ጻፉ

ከሁሉም ደረጃዎች አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ይህን እመርጣለሁ። አንድ ጊዜ ረጅም ታሪክ ያለው ጌም ጀምሬ ለሦስት ሳምንት ከጓደኞች ጋር ሌላ ስጫወት ቆየሁ። ስመለስ ጀግናዬ ዝናብ በሚዘንብበት ድልድይ ላይ፣ ፊቱን ወደ አንድ ጨለማ በር አዙሮ ቆሟል። በሩ ምን እንደሆነ አላስታወስሁም። ከኋላዬ ድምፅ ሰምቼ ልከላከል ስል ጣቴ የግጥሚያው ጌም ቁልፍ ላይ ሄደ፤ ሰውዬው ጋሻውን በማንሣት ፈንታ የቀረችውን አንዲት መድኃኒት ጠጣት። ሁለቴ ሞክሬ ዘጋሁት፤ ወደዚያ ጌም ለመመለስም ወራት ፈጀብኝ። ጌሙ ምንም አልሆነም ነበር፤ የጠፋው በእኔና በእሱ መካከል የነበረው ክር ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳልጽፍ አልዘጋም። ሦስት መስመር ይበቃል፦ የት ነኝ፣ ቀጥሎ ምን ላደርግ ነበር፣ የትኛው ቁልፍ ምን ያደርጋል። ለምሳሌ፦

«ሰሜን ድልድይ ላይ፣ ከግንቡ በር ፊት። ቁልፉ ያለው በአንጥረኛው እጅ ነው፣ መጀመሪያ እሱ ጋ። ግራ ላይኛው ቁልፍ ጋሻ፣ ወደ ላይ ሲጫን መድኃኒት።»

ስትመለሱ ደብተሩን አንብቡና በጸጥታ ቦታ ለሁለት ደቂቃ ቁልፎቹን ፈትሹ። ከዚያ ወደ ድልድዩ።

ደረጃ 9፦ ለሜዳው መውጫ አብጁ

ሰዓቱ ሲጮህ ከግጥሚያ መሐል አትውጡ፤ የቡድን አጋሮቻችሁን ታጎድላላችሁ፣ በደረጃ ውድድር (ማሸነፍና መሸነፍ የተጫዋችነት ደረጃችሁን በሚወስንበት) ደግሞ ብዙ ጌሞች መሐል ላይ የወጣን ሰው ይቀጡታል። ይልቅ ሰዓቱን የአንድ ግጥሚያ ርዝመት ያህል አስቀድማችሁ ሙሉት። ትርጉሙ «ውጣ» ሳይሆን «ከዚህ በኋላ አዲስ አትጀምር» ነው።

በደረጃ ውድድር ሁለቴ ተከታትላችሁ ከተሸነፋችሁ ለዚያ ምሽት አቁሙ። ሦስተኛውን የምትጫወቱት ያጣችሁትን ለማስመለስ ስለሆነ እጃችሁም ፍርዳችሁም ይደክማል፤ የነገውን የታሪክ ሰዓት የሚበላውም ይህ ሦስተኛው ነው።

የሽልማት መስመር ከመግዛታችሁ በፊት የቀረውን ቀን ቁጠሩ። ውድድሩ ሊያበቃ ሁለት ሳምንት ሲቀረው የተገዛ መስመር ሳምንታችሁን ይወርሳል። በነፃ ተጫውታችሁ መስመሩን ወደ መጨረሻው ካደረሳችሁት በኋላ መግዛት ይሻላል፤ እንደ ፎርትናይት ባሉ ጌሞች ያለፋችኋቸው ደረጃዎች ሽልማት ስትገዙ ይከፈትላችኋል።

ደረጃ 10፦ በወር አንዴ ከልሱ

ደብተሩን ገልጡና ታሪኩ ወደፊት ሄዷል ወይስ ቆሟል የሚለውን ብቻ እዩ። ለአራት ሳምንት ካልተነካ ሁለት ምርጫ አለ፦ ጌሙ ካልጣማችሁ ያለ ጸጸት ለውጡት፤ ከጣማችሁ ግን ለሁለት ሳምንት ሜዳውን አሳርፉት።

የተለመዱ ስሕተቶች

በታሪክ ሰዓት የድምፅ ውይይት ውስጥ መቀመጥ። «እያወራሁ እጫወታለሁ» ያለ ሰው ጀግናው ለምን እንደሚያለቅስ አያውቅም። ያን ሰዓት ማዳመጫው ለጌሙ ይሁን።

ቅናሽ ሲወጣ መከመር። የጨረሳችሁት አንድ ሳይኖር አምስት ጌም ከገዛችሁ እያንዳንዱ ሌላውን እንዳትጨርሱ ይጎትታችኋል። የምትፈልጉትን በመደብሩ የምኞት ዝርዝር ውስጥ አስገቡና ታሪኩ ሲያልቅ ክፈቱት፤ ቅናሹ ተመልሶ ይመጣል።

በትንሽ ሰዓት ከባዱን የችግር ደረጃ መምረጥ። በሳምንት አራት ሰዓት ያለው ሰው አንድ ጠላት ላይ ሦስቱን ቢያጠፋ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። ደረጃውን ዝቅ ማድረግ በብዙ ጌሞች በማንኛውም ጊዜ ይቻላል፤ ትግል ሲያምራችሁ ሜዳው አለ።

በኢንተርኔት የተገናኘን ጌም እንደ ብቻ ጌም ማቆም ይቻላል ብሎ ማሰብ። የጌሙን ሜኑ ብትከፍቱም ዓለሙ መንቀሳቀሱን ይቀጥላል። በር ሲንኳኳ መጀመሪያ ጀግናችሁን ደኅና ቦታ አድርሱ።

አንድ ኮንሶል ለቤተሰቡ ሁሉ በአንድ መለያ መጠቀም። ታናሽ ወንድም የእናንተን መዝገብ ከፍቶ ሊያስቀምጥበት ይችላል፣ ጓደኞችም እናንተ መስሏቸው ይጠሩታል። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መለያ ክፈቱ። ለልጆች ደግሞ በሦስቱም ኮንሶሎች የዕለት የጨዋታ ሰዓትንም ግዢንም መገደብ ይቻላል፤ ኔንቲዶ የሰዓቱን ገደብ በስልክ መተግበሪያ ይሠራዋል። ሲገድቡላቸው ግን የግጥሚያውን ርዝመት አስቡበት፤ ገደቡ ግጥሚያ መሐል ላይ ከዘጋባቸው ልጁ ከቡድኑ ፊት ይቀጣል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው አስታውሷቸው፣ ያንንም ሩብ ሰዓት በመጠባበቂያው ጌም ይጨርሱት።